ለጥንቸል የሚሸጡትን ባለቀለም ከረሜላ እንዳትገዙ

አሁን ከሱቁ መመለሴ ነው። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

የውሻ ምግብ፣ የዓሣ ገንዳና የወፍ ጎጆ ደርድረው የሚሸጡትን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ሻጩም ያው የምታውቁት ነው፤ የማያውቀው እንስሳ የለም። ቅዳሜ ከልጄ ጋር ለጥንቸላችን ለፋንዲሻ የሣር ድርቆሽ ልንገዛ ገባን። "እህቴ፣ ድርቆሽ ብቻማ አይበቃትም" ብሎ አንድ ፓኬት አወጣ። ሮዝ፣ ነጭ፣ ቢጫ ጠብታዎች። ላዩ ላይ የምትስቅ ጥንቸል አለችበት። "እኔም ቤት ላለችው ጥንቸሌ የምሰጣት ይሄንኑ ነው።" ዘጠኝ መቶ ብር። ልጄ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ከፈልኩ።

ከጀርባው በደቃቁ የተጻፈውን አላነበብኩም። እኔ! ለልጄ ጭማቂ ስገዛ ስኳሩን ሳላይ የማልከፍል ሴት! ስኳር፣ የወተት ዱቄት፣ ፓልም ዘይት ይላል። ጥንቸል እኮ ጡት ከጣለች ዕድሜ ልኳን ጿሚ ናት። እሱ ለጿሚ ወተት ሸጠ፣ እኔ ደግሞ በእጄ አጎረስኳት።

ሰኞ ማታ ፋንዲሻ ጥግ ይዛ ኩርምት ብላ ጥርሷን ታፋጫለች። ጎመን ብናቀርብላት ፊቷን አዞረች። ሳጥኗን ሳይ ከጠዋት ጀምሮ አንዲት በጠጥ የለችም። ሐኪሙ ሆዷን ዳብሶ "አንጀቷ ሥራ አቁሟል" አለን። ጥንቸል ማስታወክ አትችልም። አንጀቷ ከቆመ ሆዷ በጋዝ ይወጠራል፤ ቶሎ ካልታከመች ትሞታለች። ፈሳሽና የሕመም ማስታገሻ በመርፌ ሰጣት። ምግቡን በሲሪንጅ እያጎረስን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይናችን አልዞረም።

ዛሬ ፓኬቱን ይዤ ሄድኩ። ተናግሬ ሳልጨርስ በአገጩ ግድግዳውን አሳየኝ፦ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም"። ብሩን መች ጠየቅኩት?

"ያንተዋ ጥንቸል ደህና ናት?" አልኩት።

"የምን ጥንቸል?"

እያሾፈ አይደለም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። የነገረኝን ውሸት እንኳን አላስታወሰውም! አብሮት የሚሠራው ልጅ ሳቁን ሊውጥ ወደ ዓሣዎቹ ዞረ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ማዘር፣ ጥንቸል እኮ ናት። ከሞተች ሌላ በቅናሽ እንሰጥሻለን።" ቅዳሜ እህቴ፣ ሐሙስ ማዘር። መልስ ጠፍቶኝ ወጣሁ። አሁን ታዲያ ቤት ሆኜ ስንት መልስ እየመጣልኝ ነው።

ለማንኛውም፣ ጥንቸል ያላችሁ ሰዎች፦ ዋናው ምግቧ ድርቆሽና ሣር ነው። ማባበያ ካስፈለገ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ፖም፣ ፍሬዋ ወጥቶ፣ በሳምንት አንዴ ሁለቴ። ካሮትም ስኳር ስላለው አታብዙ። ግማሽ ቀን ሙሉ ምግብ እንቢ ካለች እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ፋንዲሻ ዛሬ ጠዋት ሦስት በጠጥ ጥላለች። ልጄ ናት የቆጠረችው።