የመጀመሪያው አልበም፦ በካሴት ወይስ በስልክ?

ሃርድኮርንና ሜታልን፣ ሁለቱን ጩኸታም የሮክ ሙዚቃ ዓይነቶች፣ የቀላቀለ አንድ የውጭ ባንድ የመጀመሪያ ሥራውን በካሴትም በፋይልም አወጣ። ካሴቱን ዘመድ ይዞልኝ መጣ፤ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በአባቴ ቴፕ ከፈትኩት።

በስልክ ሁሉም ጥርት ብሎ ይሰማል። ግን ይኼ ሙዚቃ መቼ ጥራት ጠየቀ? የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሳንቲሜትር ብቻ ስለሚጓዝ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል፤ ጮክ ተደርጎ ሲቀዳ ደግሞ ጊታሩና ከበሮው ተጣብቀው አንድ ግድግዳ ይሆናሉ። ፍጥነቱ ድንገት ወርዶ ጊታሩ ሲከብድ የቡፌው ብርጭቆ ተንቀጫቀጨ፤ የጎረቤት እማማ «ልጄ፣ ምን ተሰበረ?» ብለው አንኳኩ።

መብራት ሲጠፋ ስልኩ ያሸንፋል (እኛ ሰፈር ይህ ቀላል ነጥብ አይደለም)። ቴፑ ክር ሲበላም በእስክሪብቶ ማጠንጠን አለ። ቢሆንም ቤት ውስጥ ካሴቱን እመርጣለሁ፤ ስልኩ ለታክሲ ሰልፍ ይሁን።