ፑንቲና ወይስ ኤሌክትሮኒክ? ቮልስ ለምትነዱ ጎጃሞች

በሦስት ወር ውስጥ አራት ሰው ደውሎ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ፑንቲናውን አውጥቼ ኤሌክትሮኒክ ላስገባበት ወይ?» ሁለቱ ከደብረ ማርቆስ፣ አንዱ ከፍኖተ ሰላም፣ አንዱ ከሞጣ ናቸው። አራቱም የሚነዱት ቮልስ ነው። ፑንቲና ማለት በዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለየካንዴላው በሚያከፋፍለው ዕቃ) ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳው ነው፤ ኤሌክትሮኒኩ በእሱ ቦታ ገብቶ ያንኑ ሥራ ይሠራል። እንግዲህ አንዴ ልጻፈውና ሁላችሁም አንብቡት።

መልሴ ፑንቲና ነው። ኦርጅናል ፑንቲና ከኦርጅናል ኮንደንሰር (የፑንቲናው ጫፍ እንዳይቃጠል ከሚጠብቀው ትንሽ ዕቃ) ጋር።

እኔም አምና ኤሌክትሮኒኩን ገዝቼ ነበር። ከአዲስ አበባ፣ በ3,800 ብር። ሻጩ «ገጥመህ እርሳው» አለኝ። እውነትም አምስት ወር ረሳሁት። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፣ ሚኒሞዋ (ቤንዚን ሳይረገጥ የምትሠራበት ዙር) አይዋዥቅም። ለጓደኞቼ ሁሉ ግዙ እያልኩ ነበር።

መጋቢት ላይ ከአዲስ አበባ ስመለስ የአባይን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ደጀን መውጣት ጀመርኩ። ዳገቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፤ ሙቀቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ግማሹን ሳልደርስ ሞተሩ ቀጥ አለ። አልተንተፋተፈም፣ አላስነጠሰም። ቤንዚን አለ፣ ባትሪ አለ። የካንዴላ ሽቦ ነቅዬ ጫፉን ከብረት አስጠግቼ ቁልፍ ብሰጥ ብልጭታ የሚባል የለም። አርባ ደቂቃ ጥላ ስር ቆሜ ሲቀዘቅዝ ተነሳች። ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዳ እንደገና ቆመች። በመጨረሻ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ደጀን ድረስ በ4,000 ብር ጎተተኝ። ከዕቃው ዋጋ በላይ ማለት ነው።

ደጀን ያገኘሁት መካኒክ ሽማግሌ ናቸው። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍተው አዩና «ልጄ፣ መኪናህ ደህና ናት፤ የሞተው ይሄ ነው» አሉኝ። የኤሌክትሮኒኩ ጥቁር ፕላስቲክ አንድ ጎኑ አብጧል። ከሣጥናቸው አሮጌ ፑንቲና አወጡ፣ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት አበሱት፣ ክፍተቱን አስተካክለው ገጠሙልኝ። 800 ብር ከፈልኩ። በዚያው ፑንቲና 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቼ ማርቆስ ገባሁ። ደምሩት፤ ያ «ርካሽ» ዕቃ 8,600 ብር በላኝ።

ኤሌክትሮኒኩ ሲሞት የሚጠገን ነገር የለውም። ፑንቲና ሲያስቸግር ግን ብርጭቆ ወረቀትና ካቻቪቴ ይበቃዋል። ቢቸናም ሁኑ ጉንደወይን፣ የሚያውቀው መካኒክ አይጠፋም።

አሁን ዋጋውን እንተሳሰብ። ዘንድሮ ባሕር ዳር ኦርጅናል የቦሽ ፑንቲና በ1,400፣ ኮንደንሰሩን በ700 ገዛሁ። አንድ ላይ 2,100 ብር። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይረዋለሁ። የአንዱ ጓደኛዬ ዘመድ ከውጭ ያመጣለት ኦርጅናል ኤሌክትሮኒክ 16,500 ብር ፈጅቷል። በዚያ ብር ሰባት ጊዜ ቀይሬ ይተርፈኛል። እኔ በዓመት 7,000 ኪሎ ሜትር ስለምነዳ፣ የአሥር ዓመት ፑንቲና ማለት ነው።

ለፍትሕ ስል ይህንንም ልናገር፤ የጓደኛዬ ኦርጅናሉ ሦስት ዓመት ሞልቶታል፣ አንድ ቀን አላስቸገረውም። በማግኔት ስለሚሠራ የሚፋተግና የሚቃጠል ጫፍ የለውም። ኦርጅናሉን የሚያመጣላችሁ ሰው ካላችሁና ብሩ ካልከበዳችሁ አልቃወምም። እኔ የምቃወመው የ3,000 እና የ4,000 ብሩን ቅጂ ነው። ማሸጊያው ቁርጥ ኦርጅናሉን ይመስላል።

ደግሞ ፑንቲናውም ፎርጅድ አለው። በ350 ብር ይሸጣል። አንዴ ገዝቼ በ0.4 ሚሊ ሜትር አስተካከልኩት። በሦስት ሳምንቱ ብለካው ግማሽ ሆኗል። የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ላይ የሚሄደው ተረከዙ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይበላል። ተረከዙ ሲበላ ክፍተቱ ይጠባል፣ ፑንቲናው ዘግይቶ ይከፈታል፣ እሳቱም ይዘገያል። መኪናዋ ዳገት ላይ ትደክማለች፤ ሰው ካርብራቶር ማስፈታት ይጀምራል። ኮንደንሰሩም እንደዚያው ነው። ሞተሩ እየሠራ ክዳኑን ማንሳት ስለማይቻል ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፍ ከፍታችሁ ፑንቲናውን በፕላስቲክ እጀታ ካቻቪቴ ክፈት ዝጋ አድርጉት። ትልቅ ቢጫ ብልጭታ ከረጨ ኮንደንሰሩ አልቋል። ጤነኛው ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ብቻ ነው የሚያሳየው።

ሻጭ የማይነግራችሁ የኤሌክትሮኒክ ወጪም አለ። ብዙዎቹ የቦቢናው (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው ዕቃ) ሬዚስታንስ ከ3 ኦም እንዲያንስ አይፈልጉም። ቴስተር አስይዙና አስለኩ፤ ካነሰ ሌላ ቦቢና መግዛት ነው። ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ከተዛወረ ወዲያው ይቃጠላል። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍቶ ሬዲዮ መስማትም አይወዱም። ባትሪ ሲደክም ደግሞ ቮልቴጁ ወርዶ እምቢ ይላሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ማርቆስ ጠዋት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ፑንቲና ያላት መኪና በደከመ ባትሪም ቢሆን ተገፍታ ትነሳለች። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1967 በፊት የተሠራች ቮልስ ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ባትሪዋን እዩ፤ 6 ቮልት ከሆነች የ12ቱ ኤሌክትሮኒክ አይሆናትም።

የትኛውንም ብትገዙ ታይሚንግ (እሳቱ የሚነሳበት ቅጽበት) ካልተስተካከለ ገንዘባችሁ ሜዳ ላይ ቀረ። በፑንቲና ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። መጀመሪያ ክፍተት፣ ቀጥሎ ታይሚንግ፤ ክፍተቱ ሲነካ ታይሚንጉም አብሮ ይሄዳልና። የሚያስፈልገው አንዲት የ12 ቮልት አምፖል ብቻ ናት። አንዱን ሽቦዋን ከፑንቲናው የሚመጣው ሽቦ በሚታሰርበት የቦቢና ጫፍ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት አስሩ። ፑሌጃውን (ቀበቶው የሚዞርበትን የሞተሩን ክብ ብረት) ወደ ቀኝ እያዞራችሁ ምልክቱን ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ጋር አገናኙ፤ ከዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ስር የሚዞረው ሮተር ወደ አንደኛው ሲሊንደር ምልክት ማየት አለበት። ቁልፍ ክፈቱ። ዲስትሪቢዩተሩን አላልታችሁ አምፖሉ እስኪጠፋ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ አዙሩ። አምፖሉ ብልጭ ባለበት ቅጽበት አቁሙና አጥብቁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የፑሌጃው ምልክት እንደ ዲስትሪቢዩተሩ ዓይነት ስለሚለያይ የናንተን አረጋግጡ። የኔው ቫኪዩም (በአየር መሳብ እሳቱን የሚያስቀድም ክፍል) የሌለው ነው፤ እሳቱ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ሞተሩ ቆሞ 7.5 ዲግሪ፣ በደቂቃ 3,500 ዙር ሲሆን ደግሞ 30 ዲግሪ ገደማ ይቀድማል።

ኤሌክትሮኒክ ሲገባ ያው ቦታ ላይ አይቀመጥም፤ እንደገና መስተካከል አለበት፤ ያም በስትሮብ መብራት (ሞተሩ እየሠራ ምልክቱን በብልጭታ የሚያሳይ መብራት) ቢሆን ነው የሚታመነው። መካኒካችሁ ስትሮብ እንዳለው ሳትጠይቁ አትግዙ። በጆሮ ብቻ የሚያስተካክሉ አሉ። ማርቆስ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ እሳቱን ትንሽ ሲያስቀድሙት መኪናዋ የበረታች ይመስላል። በዚያው ልክ አባይ ወርዳችሁ ሙቀት ውስጥ ዳገት ስትጀምሩ ሞተሩ ያንኳኳል። የቮልስ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ድምፁ ይበዛል፤ ማንኳኳቱ አይሰማም። የሚሰማው ፒስተኑ ከተበላ በኋላ ነው። ስለዚህ በ3,500 ዙር ከ32 ዲግሪ በላይ አታሳልፉት፣ ማንም ጉልበት ይጨምራል ቢላችሁ።

ኤሌክትሮኒክ አስገብታችሁ ከሆነም አሮጌውን ፑንቲና ከነኮንደንሰሩ በፌስታል ጠቅልላችሁ ከካቻቪቴና ከፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ) ጋር መኪናው ውስጥ አኑሩ። እኔ ያን ቀን ያ ፌስታል ቢኖረኝ 4,000 ብሩ ኪሴ ይቀር ነበር።