የአሸዋ ድመትን ለመሣል፦ የውሃ ቀለም ወይስ የዘይት ቀለም?

ከሰሃራ እስከ መካከለኛው እስያ በረሃዎች የምትኖረው የአሸዋ ድመት ጸጉሯ ከአሸዋው ጋር ስለሚመሳሰል ሠዓሊን ትፈትናለች። የውሃ ቀለም ለበረሃው ብርሃን ወደር የለውም፤ ነጩ ወረቀት በስሱ ቀለም ውስጥ እያበራ የቀትሩን ሐሩር ያሳያል። አንዴ የጠቆረውን መልሶ ማፍካት ግን አስቸጋሪ ነው።

እኔ ለዋናው ሥዕል የዘይት ቀለም እመርጣለሁ። ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ጊዜ ይሰጣል። በጠቆረው ላይ ፈካ ያለውን እየደረቡ፣ መዳፏን ከጋለ አሸዋ የሚከላከለውንና በጣቶቿ መካከል የበቀለውን ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ዘለላ በዘለላ ማውጣት ይቻላል። ጆሮዎቿም አሉ፤ ሰፊ ናቸው፣ ወደ ጎን ዝቅ ብለው ነው የሚቀመጡት። ትንሽ ከፍ ካሉ የቤት ድመት ትመስላለች። በዘይት ቀለም ይህን ስሕተት፣ ሳይደርቅ በጨርቅ ጠርጎ እንደገና መሣል ይቻላል።