የሃይብሪድ መኪናዬን የዕቃ መጫኛ ልባስ ለሠሩልኝ የደብረ ብርሃን ባለሙያ

ደብረ ብርሃንና አካባቢው ሃይብሪድ መኪና (በቤንዚንም በኤሌክትሪክ ባትሪም የምትሄደውን) የምትነዱ፣ በተለይ ዕቃ የምትጭኑባት፣ ይህን አንብቡልኝ። አንድ ባለሙያ ማመስገንና ለእናንተም መጠቆም እፈልጋለሁ። የመኪና ወንበር ያለብሳሉ፣ ሸራ ይሰፋሉ። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አላወጣም፤ እንዳላወጣ የጠየቁኝ ራሳቸው ናቸው። ከልጃቸው ጋር ብቻ ነው የሚሠሩት። ስልክ ሲበዛ ስፌቱ ይበላሻል ባይ ናቸው። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም ጋሼ ልበላቸው።

ሥራዬ የመንዝ ሱፍ ንግድ ነው። ከመሐል ሜዳና ከሞላሌ ባና፣ ዝተትና በርኖስ (ከበግ ጠጉር የሚሠሩ ብርድ ልብስና ካባ) እየሰበሰብኩ ደብረ ብርሃን አመጣለሁ፣ ከዚያም አዲስ አበባ አደርሳለሁ። አልፎ አልፎ ለቤትም ለሰውም ከሸዋ ሮቢት ማንጎና ሽንኩርት እጭናለሁ። ሱፍ የነካ ሰው ያውቀዋል፣ አዲስ ባና ብናኙ አያልቅም። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው። ስትጭኑት ይበናል፣ ስታወርዱት ይበናል። ልብስ ላይ ይጣበቃል፣ ምንጣፍ ውስጥ ይገባል። የበሰለ ማንጎ ደግሞ ሳይፈርጥ ያን ሁሉ ዳገት አይወጣም።

መኪናዬ ቶዮታ ፕሪየስ ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 ገበያ ላይ የዋለው ሦስተኛው ትውልድ የሚባለው ነው። የገዛኋት ለነዳጇ ብዬ ነው። ከፋብሪካ የመጣው የዕቃ መጫኛ ምንጣፍ ግን ለሻንጣና ለሱቅ ዕቃ የታሰበ ስስ ነገር ነው። ጠንከር ያለ ልባስ ያስፈልጋት ነበር።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ ጠይቄያለሁ። ወፍራም ሞኬት ከወለሉ እስከ ወንበሩ ጀርባ፣ ጎንና ጎኑንም ጨምረን በማስቲሽ እንለጥፍልሽ፣ ከምሳ በፊት ትወስጃታለሽ አሉኝ። መኪናዋ ምን ዓይነት እንደሆነች እንኳ የጠየቀኝ አልነበረም። ጋሼ ጋ ስሄድ የኋላውን ኮፈን ከፈቱና ዝም ብለው አዩት። ከዚያ፣ "ባትሪዋ የት ነው ያለው?" አሉኝ።

"ከኋላ ነው ይላሉ፣ ጋሼ።"

"ይላሉ አይበቃም፣ ልጄ። ምን ላይ እንደምሠራ ሳላውቅ ወስፌም አላነሳ።"

ያን ቀን ምንም አልጀመሩም። ልጃቸው ተማሪ ናት። የመኪናዋን መመሪያ ስልኳ ላይ አወጣችና እንግሊዝኛውን በአማርኛ እያደረገች አነበበችላቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው፣ እየሰሙ፣ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። እዚህ ጋ ትልቁ ባትሪ፣ እዚህ ጋ ትንሹ፣ እዚህ ጋ አየር የሚገባበት። ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ሸራ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለማያውቁት መኪና ተቀምጠው ሲማሩ ሳይ በጣም ነው ያከበርኳቸው።

ለማታውቁት ነገሩን ላስረዳ፣ ምክንያቱም የማመሰግንበት ነገር እዚህ ላይ ነው። በዚህች መኪና ትልቁ ባትሪ ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ ከዕቃ መጫኛው ወለል ሥር ነው ያለው። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው ዓይነት ነው። 28 ሞጁሎች (ተያይዘው የሚሠሩ ትንንሽ ባትሪዎች) አሉት፣ እያንዳንዳቸው 7.2 ቮልት ናቸው፣ ተያይዘው 201.6 ቮልት ይሰጣሉ። ሰው የሚገድል ጉልበት ነው። ከእሱ የሚወጡት ወፍራም ገመዶች ብርቱካናማ ቀለም አላቸው፤ ያን ቀለም ያየ ሰው እጁን መሰብሰብ አለበት። ከዚህ ሌላ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለ። እሱም ሞተሩ ጋ ሳይሆን ከኋላ፣ በቀኝ ጥግ ነው የተቀመጠው። ትንሹ ከሞተ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናዋ አትነሳም፤ ኮምፒውተሮቹን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ላይ ሞኬት ተለጥፎበት ቢሆን አንድ ቀን መንገድ ላይ ምንጣፍ ስቀድ እገኝ ነበር።

ዋናው ነገር ግን አየሩ ነው። ትልቁ ባትሪ ሲሠራ ይሞቃል፣ የሚቀዘቅዘውም በቬንቲላተር (በማራገቢያ) ነው። ቬንቲላተሩ አየር የሚስበው ከውጭ አይደለም፣ እኛ ከተቀመጥንበት ክፍል ነው። መግቢያው ከኋላ ወንበር በቀኝ በኩል፣ ጎኑ ላይ አለ። ላየው ሰው ጌጥ ነው የሚመስለው። ብዙ ሰው ጃኬት ይጥልበታል፣ ማዳበሪያ ያስደግፍበታል። በዚህች መኪና ደግሞ ዕቃ መጫኛውና የሰው መቀመጫው በግድግዳ አልተለዩም። ኋላ የተጫነው ባና የሚያወጣው ብናኝ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚያች መግቢያ ነው የሚሳበው።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ የመግቢያዋን ክዳን ቀስ ብለው በእጅ ባትሪ አዩት። ግራጫ የሱፍ ብናኝ ተጋግሮባታል። "ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፣ ሃይብሪድ የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ያጽዳው፣ ከዚያ ተመለሺ" አሉኝ። ገንዘብ ሊያገኙበት ይችሉ ነበር። በብሩሽ ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ አጸዳሁት ብለው ሊያስከፍሉኝም ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። እሱ ጋ የላኩኝ ኤሌክትሪሺያንም እጁ ይባረክ፣ ከፍቶ እስከ ቬንቲላተሩ ድረስ አጸዳው። ከኋላ በቀኝ በኩል ይሰማኝ የነበረው የማፏጨት ድምፅ ለካ ቬንቲላተሩ አየር አጥቶ ሲታገል ነበር። እናንተም እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ወይም ነዳጅ ከወትሮው ከጨመረ፣ መጀመሪያ እዚያ አሳዩ። ባትሪው ሲግል መኪናዋ ራሷን ለመጠበቅ ባትሪውን መጠቀም ትቀንሳለች፣ ሸክሙ ወደ ሞተሩ ይዞራል።

የኛ መንገድ ደግሞ ለዚህ ነገር ከባድ መንገድ ነው። ከደብረ ብርሃን ወጥታችሁ ጣርማ በር ላይ ስትደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ። በጣሊያን ጊዜ የተሠራውን ዋሻ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ትወርዳላችሁ። ከዚያም ሸዋ ሮቢት፣ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ። ያን ቁልቁለት ሙሉ ሃይብሪድ መኪና ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጉልበቱን ወደ ባትሪ ትመልሳለች። ቆጣቢ የሆነችውም በዚህ ነው። ግን ባትሪ ሲሞላም ይሞቃል። ታች ስትደርሱ አየሩ ራሱ ቆላ ነው። ከዚያ ሽንኩርቱን ጭናችሁ ሽቅብ ስትመለሱ ባትሪው አሁን ደግሞ ጉልበት እየሰጠ ይሞቃል። በዚህ መሐል የአየር መግቢያዋ በከረጢት ከታፈነች አስቡት። ደጋ ላይ ብርድ ነው፣ ምን ይሞቃል የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ደብረ ብርሃን ቆሞ ለሚውል መኪና እውነት ሊሆን ይችላል፣ ጣርማ በርን ለሚወርድ ግን አይደለም። (በነገራችን ላይ፣ ባትሪው ከሞላ በኋላ ፍሬን ብቻ ይዛችሁ አትውረዱ። ማርሹ ላይ ያለችው "ቢ" ለዚህ ነው የተሠራችው፣ ሞተሩ መኪናዋን እንዲይዝላችሁ።)

ወደ ሥራቸው ልመለስ። ጋሼ የመረጡት የጭነት መኪና ሸራ ነው፣ ያ ወፍራም፣ ውኃ የማያሳልፈው። ከሥሩ ስፖንጅ ይደረግበት ብዬ ነበር፣ ለስለስ እንዲል። እምቢ አሉ። ስፖንጅ እርጥበት ይዞ ያቆያል፣ ከሥሩ ባለ ባትሪ ላይ እርጥብ ነገር አላስተኛም አሉ። ሸራውን በአራቱም በኩል እንደ ትሪ ጠርዝ ከፍ አድርገው ሰፉት። ማንጎ ቢፈርጥ፣ ጀሪካን ቢያፈስ እዚያው ይቀራል። ስፌቱን ደግሞ ከታች ሳይሆን ከጠርዙ ላይ አደረጉት፣ ወለሉ አንድ ወጥ ነው። መርፌ በወጋበት ውኃ ይገባል፣ ስለዚህ ውኃ የሚተኛበት ቦታ አይወጋም። ይህን ማንም አላዘዛቸውም።

ማያያዣው ላይ በጣም ነው የተጠነቀቁት። አንድም ብሎን ወለሉ ውስጥ አልገባም። አንድም ቀዳዳ አልተበሳም። ማስቲሽም አልተቀባም። ከፋብሪካ የመጡትን የዕቃ ማሰሪያ ቀለበቶች ነው የተጠቀሙት። ሸራው በጠፍር ይታሰርባቸዋል፣ ሲፈለግ ይፈታል። ጥቅልል አድርጌ አውጥቼ ውጭ አጥበዋለሁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፣ መኪናው ውስጥ ጠብታ ውኃ አይገባም። እባካችሁ የሃይብሪድ ዕቃ መጫኛ ወለል ላይ ማንም መሰርሰሪያ ይዞ እንዳይጠጋ። ከሥሩ ምን እንዳለ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

የወንበሩ ጀርባ ልባስ ለብቻው ነው። የኋላ ወንበሩ 60 ለ40 ተከፍሎ ስለሚተኛ እሱም እንደዚያው ለሁለት ተከፍሏል። በቀኝ በኩል ያለው ጠበብ ብሎ ነው የተቆረጠው፣ ወንበሩ ሲተኛም ሲነሳም የአየር መግቢያዋን እንዳይነካ። እዚያ ቦታ ላይ ደግሞ አንድ ጠፍር ጨመሩ። ባናው እስከ ጣሪያ ቢጫንም ጠፍሩ ወደ መግቢያዋ እንዳይደገፍ ይይዘዋል። ትንሹ ባትሪ ባለበት ጥግ ላይ ሸራው የሚከፈት ክዳን አለው፣ በዚፕ። ወለሉን ሳላነሳ ደርሼበት እመለሳለሁ። ይህን ባትሪ በተመለከተ የነገሩኝ ሌላ ምክርም አለ፣ ከመመሪያው ያገኙት ነው። ሲቀየር ጋዙን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቱቦ ያለውን ዓይነት ብቻ ግዙ። ተራውን አሲድ ባትሪ ሰው ከሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ አይከቱም።

ለባናው ደግሞ ራሳቸው ያሰቡልኝ ነገር አለ። ከዚያው ሸራ ሁለት ትልልቅ ከረጢቶች ሰፉልኝ፣ አፋቸው በገመድ የሚታሰር። ባናው በከረጢቱ ውስጥ ነው አሁን የሚጓዘው። ብናኙ እዚያው ታፍኖ ይቀራል። ልባስ ብቻ ነበር ያዘዝኳቸው። እሳቸው ግን ወለሉን መሸፈን ሳይሆን ባትሪውን ከብናኝ ማዳን ነው ዋናው ብለው አሰቡበት። ሱፍ፣ ጭድ፣ ጤፍ፣ ዱቄት የምትጭኑ ሁሉ ይህን ከረጢት አሠሩ። በእኔ እምነት ከልባሱም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው።

የፋሲካ በግስ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ፣ መቼም ሰሜን ሸዋ ተቀምጦ በግ የማይጭን የለም። በጉን በሌላ መኪና ላኪው አሉኝ። የበግ ሽንት ጨው አለው፣ ብረትም ሽቦም ይበላል፣ ጠጉሩም ይረግፋል። ግድ ከሆነ ከሸራው ላይ ኬሻ አንጥፊ እንጂ ጭድ አታንጥፊ፣ እዚያው ቀን አውጥተሽ እጠቢው አሉኝ።

ዋጋውን በተመለከተ የሸራውን ለብቻ፣ የእጃቸውን ለብቻ ነገሩኝ። የተረፈውን ሸራም ጠቅልለው ሰጡኝ። ሥራው ጊዜ ወስዷል፣ ይህን አልደብቅም። በአንድ ረፋድ ተለጥፎ የሚያልቅ ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ እሳቸው ጋ አትሂዱ። ቁመናውም ቢሆን እንደ ሞኬት አያምርም፣ ሸራ ሸራ ነው። ለእኔ ግን ከዚያ ወዲህ ስንት ጭነት ተመላልሶ ወለሉ ደረቅ ነው፣ የአየር መግቢያዋም ንጹህ ናት፣ ፉጨቱም ጠፍቷል። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎም እንግሊዝኛውን ለአባቷ እያስረዳች ያገዘችኝን አልረሳም፣ እደጊ ተመንደጊ።

ልትሄዱ ያሰባችሁ መኪናዋን ባዶ አድርጋችሁ ውሰዱ። የመኪናችሁን መመሪያ ያዙ፣ በስልክም ይሁን በወረቀት፤ የሁሉም ሃይብሪድ ባትሪና የአየር መግቢያ አንድ ቦታ አይደለም፣ ከወንበር ሥር ያላቸውም አሉ። ምን እንደምትጭኑ በትክክል ንገሯቸው፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። በዓል ሲቃረብ ወረፋ ይበዛባቸዋል፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ጻፉልኝ።