የሶላር ሬዲዮዬ ከ11 ወር በኋላ

ይህን ሬዲዮ የገዛሁት ጥቅምት 2017 ላይ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ፣ በ2,600 ብር ነው። አሁን መስከረም ሊያልቅ ነው። በጋውንም ክረምቱንም አብረን ስላለፍን ስለ እሱ በሙሉ ልብ መናገር እችላለሁ።

የግማሽ ጡብ ያህል ነው። ኤፍ ኤም፣ መካከለኛ ሞገድና አጭር ሞገድ ይይዛል። ሚሞሪ ካርድና ፍላሽም ይቀበላል። አናቱ ላይ ትንሽ የሶላር ሰሌዳ፣ ጎኑ ላይ በእጅ የሚዞር እጀታ አለው።

ሰው በ2017 ሬዲዮ ለምን ይገዛል? ነሐሴ 2015 ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ቆየ። ዘፈኑም ዜናውም ስልኬ ውስጥ ስለነበር ሁሉም አብሮ ጠፋ። ማታ ማታ አሮጌ ሬዲዮ ያላት ጎረቤታችን ዘንድ እንሰበሰብ ነበር። ኢንተርኔቱ ተመለሰ፤ ያ ምሽት ግን ከውስጤ አልወጣም።

መጀመሪያ ሶላሩን ልናገር። በበጋ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከዋለ፣ ድምፁን መካከለኛ አድርጌ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል እሰማበታለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ግን ሌላ ነው። ሰማዩ ከጠዋት እስከ ማታ ጣና ላይ ተደፍቶ ሲውል ሰሌዳው ግማሽ ሰዓት እንኳ አያስደምጥም። ክረምቱን በስልክ ቻርጀር ነው ያሳለፍኩት። እጀታው ለጭንቅ ቀን ብቻ ነው፤ ክንድ ያደክማል።

ድምፁ ላይ ብዙ የምለው አለኝ። ስፒከሩ ትንሽ ስለሆነ ወፍራም ድምፅ አይወጣለትም። ቤዝ ጊታሩ ይጠፋል፣ ከበሮው ይሳሳል። ማሲንቆና ክራር ግን አጠገብህ የተቀመጡ ይመስላሉ። የሰው ድምፅም እንደዚያው። አምባሰል ወይም ትዝታ ሲዘፈን ዘፋኙ ትንፋሹን የሚስብበትን ቦታ ሁሉ ትሰማለህ። በዐቢይ ጾም ደግሞ እማዬ በገና ስትከፍት ተቸገርን። የበገና አሥር አውታሮች ውበታቸው ዝቅ ብሎ በሚነዝረው ድምፅ ነው። ከዚህ ስፒከር የሚወጣው ንዝረቱ ብቻ ሆነ፣ ሆዱ የለም። በጃክ ገመድ ከትልቅ ስፒከር ጋር ሳገናኘው ተስተካከለ። በገና የምትወዱ ከሆነ ይህን አስቡበት።

ከዕቃው በላይ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። በስልክ ዘፈን የሚደርሰኝ ተቆራርጦ ነበር። አዝማቹን በቪዲዮ መቶ ጊዜ እሰማና ዘፈኑን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ሬዲዮው ላይ መዝለል የለም። አዝማቹን በቃሌ የያዝኩት ዘፈን ሦስተኛ ስንኝ ላይ ሲደርስ፣ ግጥሙ ያለው እዚያ መሆኑን ያወቅኩት ዘንድሮ ነው። አንድ ቅሬታ አለኝ፤ እሱም ለአቅራቢዎች ነው። እባካችሁ የማሲንቆው መግቢያ ላይ አታውሩ! ያ መግቢያ የዘፈኑ በር ነው።

አቀባበሉ ኤፍ ኤም ላይ ጥሩ ነው። በጀልባ ወደ ዘጌ ስንሄድ ውሃው ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የኤፍ ኤም ሞገድ በቀጥታ ስለሚጓዝ ሐይቁ ላይ የሚከልለው የለም። ዘጌ ወርደን ቡናው ጥላ ውስጥ ስንገባ ግን መንሾካሾክ ጀመረ። አጭር ሞገድ ላይ ደግሞ የቤት ውስጥ ጠላቱ ርካሽ ኤል ኢ ዲ አምፖልና ቻርጀር ነው። አጠገባቸው ካስቀመጥከው ይንጫጫል። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ይጨልምና አጭር ሞገዱ እንደ ምንጭ ውሃ ይጠራል። እኛ ቤት መብራት ሲሄድ አባዬ መጀመሪያ የሚፈልገው ሻማ ሳይሆን ሬዲዮውን ነው።

የካቲት ላይ አንቴናው ከሥሩ ላላ። ይህ የዕቃው እውነተኛ ድክመት ነው፤ መያዣው ስስ ቆርቆሮ ነው። ጥገና ቤት ወስጄ በሊድ ተበየደልኝ። ከዚያ መጋቢት መጣ። አባዬ ከምሽቱ 3 ሰዓት የአሜሪካ ድምፅ ይሰማል። እኔ ልጅ እያለሁ ጀምሮ በዚያ ሰዓት እኛ ቤት ወሬ የለም። አንድ ምሽት ከፈተው፣ ሹክሹክታ ብቻ። በማግስቱም እንዲሁ። «ያ ልጅ አበላሽቶብሃል» አለኝ። እኔም አመንኩ። ጥገና ቤት ተመልሼ ሄጄ ሠራተኛውን በሰው ፊት ተቆጣሁት። ልጁ ምንም ሳይመልስ ከፈተና ሌላ የአጭር ሞገድ ጣቢያ አስገባ፤ ጥርት ብሎ መጣ። «ወንድሜ፣ ሬዲዮው ጤነኛ ነው፤ ጣቢያው ነው የተዘጋው» አለኝ። እውነቱን ነው። መጋቢት 2017 ላይ ሠራተኞቹ ከሥራ እንዲርቁ ተደርጎ ስርጭቱ ተቋርጦ ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት። ለአባዬ መንገር ግን ከዚያ ይከብድ ነበር። ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና፣ «ድምፃቸውን እኮ እንደ ዘመድ ነው የማውቀው» አለ። አሁን ምሽት 1 ሰዓት የጀርመን ድምፅን ይሰማል። እሱም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ የሚናገር የቆየ ጣቢያ ነው።

ለዚህ ሬዲዮ ያወጣሁት ብር ጨርሶ ያልቆጨኝ ቀን ጳጉሜን 4 ነው። የሕዳሴው ግድብ ሊመረቅ ነው። ጠዋት ሬዲዮውን ይዤ ወደ አዲሱ የአባይ ድልድይ ወጣሁ፤ ግንቦት 2016 የተከፈተው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው። ብረቱን ተደግፌ ቆምኩ። ከሥሬ አባይ ገና ከጣና መውጣቱ ነው። ሬዲዮው 5,150 ሜጋዋት እያለ ይናገራል። የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ፣ መጋቢት 2003፣ ተማሪ ነበርኩ። አንድ ዓሣ የተሸከመ ሰውዬ አጠገቤ ቆመና «ከፍ አርገው» አለኝ። ከዚያ ሁለት ሴቶች መጡ። ከዚያ ልጆች። በዜናው መካከል ዘፈን ይገባ ነበር፣ የአባይ ዘፈን። አንዷ ሴት አለቀሰች። በስልክ ብሰማው ኖሮ በጆሮ ማዳመጫ ብቻዬን እሰማው ነበር።

ባትሪው አሁን እንደ መጀመሪያው አይደለም። ቀድሞ ሞልቶ ስድስት ሰዓት ይሄድ የነበረው አራት ሰዓት አይሞላም። ደግነቱ ጀርባው በጠመንጃ መፍቻ ይከፈታል፣ ባትሪውም ገበያ ላይ የሚገኝ ዓይነት ነው። የምትገዙ ከሆነ አንቴናውን ሱቁ ውስጥ ነቅነቅ አድርጋችሁ እዩ፤ አጭር ሞገዱንም ከአምፖሉ ራቅ ብላችሁ ሞክሩ።

አባዬ አሁንም 3 ሰዓት ሲሆን የድሮውን ቦታ አንዴ ይነካዋል። ትንሽ ያዳምጣል። ከዚያ ወደ ኤፍ ኤም ይመልሰዋል።