የመርከብ ባንዲራ ወይስ ካርታ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰብሳቢ

የጥንት ካርታና የመርከብ ባንዲራዎችን የሚያሳይ የጥንት የወረቀት ኅትመት (እዚህ «ባንዲራ» የምንለው) ሁለቱም ከመዳብ ሰሌዳ የታተሙ፣ በእጅ ቀለም የተቀቡ ናቸው። ካርታ ቀለሙ ቢደበዝዝም በመስመሩ ይነበባል፤ እ.ኤ.አ. በ1573 የወጣው የካርታ ሠሪው የኦርቴሊየስ የአቢሲኒያ ካርታ ለዚህ ምስክር ነው። ባንዲራ ግን ነፍሱ ቀለሙ ነው፦ የኔዘርላንድን ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ ቀቢው ቅደም ተከተሉን ካዛባው የሩሲያ ይሆናል። ጀማሪ በካርታ ቢጀምር ይሻላል።

ከመግዛትዎ በፊት ጀርባውን ይዩ። ከመዳብ ዝገት የተሠራው የጥንት አረንጓዴ ወረቀቱን ስለሚበላ፣ ብዙ ጊዜ ቡናማ ሆኖ ከኋላ ይወጣል። ፊቱ ደማቅ አረንጓዴ፣ ጀርባው ፍጹም ንጹሕ ከሆነ ይጠርጥሩ፤ ቀለሙ በቅርቡ የተቀባ ሊሆን ይችላል።

የደሴ ክረምት ጉም ሻጋታ ያመጣል፤ ወረቀቱ መስታወት አይንካ፣ ፍሬሙም ከግድግዳው ትንሽ ይራቅ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ይከፋል። ካርታውን ጥላ ያለበት ግድግዳ ላይ ይስቀሉ፣ ባንዲራውን መሳቢያ ውስጥ ያስተኙ።