ሐዋሳ ላይ የሚሰጠው የቅዳሜና እሁድ ጣሊያንኛ፦ ደቡብ ጣሊያን ቤተሰብ ላለው ሰው ይበቃል?

ፒያሳ አካባቢ የሚሰጠው ይህ ኮርስ 12 ሳምንት ይቆያል። በሳምንት 4 ሰዓት ነው፤ ሲደመር 48 ይሆናል። ኤ1 ወደሚባለው የመጀመሪያ የቋንቋ ደረጃ ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 100 ሰዓት ስለሚፈጅ፣ «በሦስት ወር ኤ1 ትጨርሳላችሁ» የሚለውን ማስታወቂያ ባታምኑት ይሻላል። እንደ መነሻ ግን ደህና ነው። እዚህ የምንመዝነው ልጆቹን ወይም አማቾቹን ሊጠይቅ ወደ ናፖሊ፣ ባሪ ወይም ካላብሪያ ለሚመላለስ ሰው ነው።

በጣም የሚያስመሰግነው የማጥበቅና የማላላት ትምህርቱ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ «ዋና» ብሎ ይጽፍና የሐይቁን ዋናና ዋናውን መንገድ ጮክ ብላችሁ ለዩ ይላል። ወዲያው «ፓላ» ይከተላል፤ ሲላላ አካፋ፣ ሲጠብቅ ኳስ። «ኖኖ» ሲላላ ዘጠነኛ፣ ሲጠብቅ አያት ነው። አማርኛ የለመደ ጆሮ ይህን በአንድ ቀን ይይዘዋል። ስህተቱ የሚመጣው ቃሉ ደብተር ላይ በፊደላችን ሲገለበጥ ነው፤ ፊደላችን ማጥበቅን አያሳይም። ስለዚህ በላቲን ፊደል ጻፉት፤ ድርብ ሆኖ የተጻፈ ተነባቢ ይጠብቃል።

የድምፅ ጫና ላይ ግን ቸኩለው ያልፋሉ። «ናፖሊ» ሲባል ጫናው «ና» ላይ፣ «ቴሌፎኖ» ሲባል «ሌ» ላይ ነው። ሁሉንም እኩል ካነበባችሁት ሰሚው ይደናገራል።

ትልቁ ጉድለት መጽሐፉ ስለ ሆቴልና አየር ማረፊያ እንጂ ስለ ዘመድ ቤት አለማሰቡ ነው። ለአክብሮት የሚያስተምረው «ሌይ»ን ብቻ ነው። ደቡብ ላይ ግን በተለይ በየመንደሩ ሽማግሌና አማት ዛሬም «ቮይ» ይባላሉ። እናንተ ማለት ሆኖ ለአንድ ሰው ሲነገር እንደኛ «አንቱ» ነው። ግሱም አብሮ ይቀየራል፤ «ኮሜ ስታ» (እንዴት ነዎት) የነበረው «ኮሜ ስታቴ» ይሆናል። «ቻው»ም እኛ ጋ መሰናበቻ ብቻ ነው፤ እዚያ ሲገናኙም ይባላል፣ ግን ለቅርብ ሰው። ለባልሽ አያት በመጀመሪያው ቀን አይባልም፤ «ቡዎንጆርኖ» በይ።

የአነጋገር ዘዬም ተዘሏል። ናፖሊ ዙሪያ የቃል መጨረሻ አናባቢ ወደ ሳድስ ይደክማል፤ ሲሲሊ ላይ ደግሞ «ኦ» «ኡ» ይሆንና «ቤሎ» (ቆንጆ) «ቤዱ» ይባላል። «ራበኝ» ለማለት መጽሐፉ «ኦ ፋሜ» ሲል ብዙ ደቡባዊ «ቴንጎ ፋሜ» ይላል። «አሁን» ደግሞ «ሞ» ነው። እነዚህን መናገር አያስፈልግም፤ ሲነገሩ ማወቅ ግን ግድ ነው። ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢሰጣቸው ኮርሱ ይለወጥ ነበር።

የምግብ ምዕራፉ ጥሩ ሆኖ ሳለ ጾምን ረስቷል። «ዲጁኖ» የሚለው ቃል እህል ውሃ አለመቅመስ ነው፤ እሱን ካላችሁ ሳህኑን ያነሱባችኋል። ዝርዝሩን ተናገሩ፦ «ኖን ማንጆ ካርኔ፣ ኡዎቫ፣ ላቲቺኒ»፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ የወተት ተዋጽኦ አልበላም ማለት ነው። የባሪዋ ፓስታ ኦሬኪዬቴ ከዱረም ስንዴና ከውሃ ብቻ ስለምትሠራ ለጾመኛ ትመቻለች፤ አይብ እንዳይነሰነስባት ግን ቀድሞ መንገር ነው። ማኪያቶ ስታዙ ደግሞ የምትመጣው ወተት ጠብ የተደረገባት ትንሽ ቡና ናት። «ላቴ» ብቻ ካላችሁ ወተት ይቀርብላችኋል።

ስለ ወረቀቱ፦ ኮርሱ የሚሰጠው ሰርተፊኬት ለቪዛ አይጠየቅም። ለረጅም ጊዜ መኖሪያ ፈቃድ የሚያስፈልገው ኤ2 (ከኤ1 ቀጥሎ ያለው ደረጃ) ግን እንደ ቺልስ (ሲዬና) ወይም ቼሊ (ፔሩጃ) ባለ እውቅና ባለው ፈተና ይረጋገጣል፤ የዚህ ኮርስ ወረቀት አይተካውም። ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው በሼንገን ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችልም። የጉዞ ኢንሹራንሱም ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ቤቱ የሚያሳድራችሁ ዘመድ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ወይም ለማዘጋጃ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ «ዲኪያራትሲዮኔ ዲ ኦስፒታሊታ» ይባላል። ቃሉ ረጅም ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት መምህሩ ቅጹን እንዲያስነብባችሁ ጠይቁ።

ስትመዘገቡ የእሁዱን ክፍል ምረጡ፤ ተማሪው ስለሚያንስ ለመናገር ተራ ይደርሳል። «ቮይ»ንና የጾም ቃላቱንም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራችሁ ጠይቁ፤ መምህሩ ያውቃቸዋል፣ መጽሐፉ ላይ ስለሌሉ ነው የሚያልፋቸው።